ሙሴ ማን ነው?

ክራኮው፣ ፖላንድ
መስከረም 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ታላቅ እኅቴ ለእትዬ እታገኘሁ ተክለ ጊዮርጊስ፤

ዘመን መለወጫውና መስቀሉ እንዴት አለፉልሽ? እኔ በአባባ አምላክ ጥበቃ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ገና ከአሁኑ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። የኮሶዬን ደጋ ብርድ የማውቅ ሰው ነኝ እያልኩ እዚህ ሰው ፊት የጎረርኩት ጉራ በአንድ ሳምንት አፈር በላ።

የምማረው ነገር ስሙ እንኳ አልያዝ እንዳለሽ ስለጻፍሽልኝ ዛሬ ላስረዳሽ ቆርጬ ተነስቻለሁ። ኮምፒዩተር የሚሉት መሣሪያ ለመቁጠር ፈጣን ነው እንጂ ስለ ዓለም ምንም አያውቅም። ምን ምን እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር በምን እንደሚያያዝ አስቀድሞ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስረዳው ይገባል። ለእኔ የደረሰኝ የስብስብና የአባል ጉዳይ ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከድንጋይ ክምር አንዱን አንስተሽ ሌላ ብትተኪ ክምሩ ሌላ ክምር ሆነ ማለት ይቻላል። የአንድ ደብር መዘምራን ግን አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካል፤ መዘምራኑ ያው መዘምራን ናቸው። ደግሞም የመሪጌታው ጉሮሮ የመሪጌታው ነው፣ መሪጌታውም የመዘምራኑ አባል ነው፤ ጉሮሮውን ግን የመዘምራኑ አባል የሚለው የለም። ይህን ስናገር ፕሮፌሰሬ በጣም ሳቁ፤ ወደዱትም መሰለኝ።

እንግዲህ ሁላችንም ከየአገራችን አንድ ምሳሌ እንድናመጣ አዘውናል። ለእኔ ወዲያው የመጣልኝ የአባባ የሩፋኤል ማኅበር ነው። ወር በገባ በአሥራ ሦስት ቀን ጽዋው ከቤት ቤት ሲዞር አንቺም እኔም ዳቦ እየጠበቅን አድገናል። እስቲ ጻፊልኝ፤ ሰው አባል የሚሆነው በምንድን ነው? አንዱ ሲሞት ልጁ ይተካል ወይስ ቦታው ይዘጋል? አባባ ካረፈ ወዲህስ ሙሴ ማን ነው? የማኅበር አስተናባሪ ሙሴ እንደሚባል ለፕሮፌሰሬ ለማስረዳት ምላሴ ደርቋል። አሁን ያሉትንም አባላት በስም በስማቸው ጻፊልኝ።

ሬዲዮ ስለ አገራችን ብዙ ያወራል። አትስጊ፣ እኔ ከተማሪዎች ስብሰባ ሁሉ ራሴን አግልያለሁ። ሥራዬ ከመጽሐፍ ጋር ብቻ ነው። ሹራብ ልላክልሽ?

ታናሽ ወንድምሽ አላምረው


ጎንደር
ኅዳር 2 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአላምረው ተክለ ጊዮርጊስ፤

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። እኔ ለአብዮቱ ምስጋና ይግባውና በጣም ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል፤ ሆስፒታሉ ከጦር ግንባር በመጡ ቁስለኞች ስለተሞላ ነርሶቹ እረፍት የለንም፤ ለእናት አገር ስለሆነ ደስ ይላል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የኤንቨሎፑ አፍ ተከፍቶ ነው የመጣው፤ ምናልባት ሙጫው ዝናብ አግኝቶት ይሆናል። ፖስታውን የሚያዩልን አዲስ ሰዎች በጣም ትጉህ ናቸው፤ አንዲት መስመር እንኳ አታልፋቸውም።

ከተማው ጸጥ ብሏል። እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል፣ ወሬም ቀንሷል፤ ለጤና ጥሩ ነው። አብሮህ የተማረውን የአያ ካሣዬን ልጅ መለሰን ከመስቀል ወዲህ አላየሁትም። አባቱ ስለ እርሱ አያነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ አንተም በደብዳቤ አትጠይቅ።

ስለ ማኅበር ላነሳኸው፣ እኔ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር አባል ነኝ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ማኅበር የለም። ያኔ ልጅ ስለነበርክ ተምታቶብህ ይሆናል። የድንጋዩ ምሳሌህ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ድንጋይ ብትጽፍ ይሻልሃል፤ በእርሱ ግፋበት። ድንጋይ ስም የለውም።

ሹራብ አትላክ። ምንም አትላክ። ናፍቆትህ ሲበረታብኝ የማየው ፎቶግራፍ ብቻ ላክልኝ፤ ጀርባው ላይ ግን ምንም አትጻፍ።

እኅትህ እታገኘሁ


ክራኮው
ታኅሣሥ 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እታገኘሁ፤

በመጪው ልደት አስቀድሜ እንኳን አደረሰሽ ልበልሽ። እዚህ በረዶው ጉልበቴ ደርሷል፤ ፎቶግራፉ ላይ እንደምታይው ከአባባ ካፖርት የሚከብድ ካፖርት ደርቤ የእኛ አገር ቄስ መስያለሁ። ጀርባው ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ ትእዛዝሽን አክብሬያለሁ።

ነገር ግን እትዬ፣ ደብዳቤሽ አሳቀኝም አሳዘነኝም። የአባባን ማኅበር እንዴት ትረሻለሽ? የአባባን አጥንት፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው እንጂ አንቺ የምትረሺ ሰው አልነበርሽም። አርጅተሻል ልበል? ግድ የለም፤ እኔው ከማስታውሰው ሠርቼዋለሁ። አንቺ የተሳሳተውን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ አርሚልኝ።

አብሮ ያለውን ሥዕል ተመልከቺ። ትልቁ ክብ ማኅበሩ ነው። ውስጡ ያሉት ነጥቦች አባላቱ ናቸው፤ የኮሶዬው አያ ምናለ፣ አያ ካሣዬ፣ እትዬ ውቢት፣ አባ ገብረ ሚካኤል። ከየነጥቡ ወደ ክቡ የሚሄደው ቀስት «የዚህ አባል ነው» ማለት ነው። ከላይ ያለችው ነጥብ ስም የላትም፤ «ሙሴ» ብቻ ብዬባታለሁ። ለምን መሰለሽ፣ ሙሴ ሰው ሳይሆን ቦታ ነው። ሰው ቢኖርበትም ባይኖርበትም ቦታው አለ። ፕሮፌሰሬ የተደሰቱት በዚህች ባዶ ነጥብ ነው።

እዚህ አንዳንዶቹ ስብስብን እንደ አንድ አካል፣ አባሉን ደግሞ እንደ አንድ ሕዋስ አድርገው ያስባሉ። እኔ አልስማማም። ሕዋስ ከአካሉ ተለይቶ አይኖርም፤ አያ ምናለ ግን ከማኅበሩ ቢወጣ ኮሶዬ ድንቹን እየኮተኮተ ይኖራል። ይህን በክፍል ውስጥ ስከራከር ብታይኝ አባባን በነገር ችሎት ያየሽ ይመስልሽ ነበር።

መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ በየካቲት ጥናቴን አቀርባለሁ።

ወንድምሽ አላምረው


ጎንደር
የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለአላምረው ተክለ ጊዮርጊስ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ተፈቅዶልኝ ነው። በቶሎ እንድትመልስ እንድነግርህ ታዝዣለሁ፤ እኔም እለምንሃለሁ።

ሥዕልህ ለእኔ አልደረሰኝም፤ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ጓዶች ነው የደረሰው። እኔ ያየሁት ተጠርቼ ስሄድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ብዙ ቦታ ተሠምሮበታል። በሥዕሉ ስማቸው የተጻፈው አራት ሰዎች በጥር አሥራ ሦስት እትዬ ውቢት ቤት እንደተቀመጡ ለጥያቄ ተወስደው እስካሁን አልተመለሱም። እትዬ ውቢት የስኳር በሽተኛ ስለሆነች መርፌዋን ጠዋት ጠዋት እንድወጋት ተፈቅዶልኛል። ለዚህም አመሰግናለሁ።

ጓድ መርማሪው ለጎንደር እንግዳ ነው። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ መለሰ ካሣዬ የአናርኪስቶቹ ድርጅት አባል እንደነበር ተረጋግጧል፤ አባቱ ያለበት ማኅበርስ የዚያው ድርጅት ሕዋስ አይደለም ወይ? ሕዋስ የሚለውን ቃል የጻፍከው ራስህ ነህ። የአራቱ ተራ አባላት ስም በግልጽ ተጽፎ የአለቃቸው ስም ብቻ ለምን ተሸሸገ? ሙሴ የሚባለው ማን ነው? የሽፋን ስም ስለመሆኑ ጥርጣሬ የለውም። የማኅበር አስተናባሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው ብዬ ነገርኩት፤ ጻፈው፤ አላመነኝም።

አራቱም ሙሴ የሚባል ሰው አሁን እንደሌለ ተናግረዋል። እውነት ነው። እውነቱ ግን አላዳናቸውም።

ስለዚህ ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ ቀስቱ ምን እንደሆነ፣ ነጥቢቱ ምን እንደሆነች በራስህ እጅ ዘርዝረህ ጻፍ። ፈርቻለሁ፤ ይህን እንዳልጽፍ ማንም አልከለከለኝም።

እኅትህ እታገኘሁ


ክራኮው
መጋቢት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእታገኘሁ፣ ከእርሷም አስቀድሞ ይህን ለሚያነቡት ሁሉ፤

እትዬ፣ ምን ልበልሽ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጥናቱን አላቀረብኩም፤ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ።

ጓድ መርማሪ፣ የሳልኩት ሥዕል ለትምህርት ነው። የአራት አዛውንቶችን የጸሎትና የመብል ማኅበር ነው የሚያሳየው። ሕዋስ የሚለውን ቃል የጻፍኩት ልቃወመው ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ «አልስማማም» ይላል።

ስለ ቀስቱ ይህን ልበል። ቀስቱ ከሰው ተነስቶ ወደ ማኅበሩ ይሄዳል፤ እዚያው ያበቃል። አባልነት እንደ ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ አይሄድም። የአንድ ሰው ልጅ የሌላ ነገር አባል ቢሆን አባትየው በዚያ ምክንያት የዚያ ነገር አባል አይሆንም፤ አባትየው ያለበት ማኅበር ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም። አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሌባ ቢገኝ መሥሪያ ቤቱ ሌባ ነው እንደማይባል እርስዎም ያውቃሉ። ይህን የምለው ልከራከርዎ አይደለም። ዕድሜዬን የሰጠሁት ይህን ለማወቅ ስለሆነ ነው።

ሙሴ የሽፋን ስም አይደለም። ቦታ ነው። ቦታውን እስከ ዕለተ ሞቱ የያዘው አባቴ ተክለ ጊዮርጊስ ነበር። እርሱ ካረፈ ወዲህ ቦታው ያለ ሰው ቀርቷል ብዬ ስለገመትኩ ስም አልጻፍኩም እንጂ የሸሸግኩት ሰው የለም። እንደማስታውሰው በማኅበሩ ልማድ ልጅ የአባቱን ቦታ ይወርሳል፤ ሌላ ሰው በድብቅ አይሾምበትም። አራቱ ሰዎች ሙሴ የለም ያሉት ከዚህ የተነሳ ነው፤ እውነታቸውን ነው።

እትዬ ውቢት በጀርባዋ አዝላኛለች። አያ ምናለ ፊደል ላስቆጠሩኝ የኔታ በየጾሙ ፍቺ በግ ያመጣ የነበረ ሰው ነው። እባካችሁ ልቀቋቸው። ጥፋት ካለ ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ።

አላምረው ተክለ ጊዮርጊስ


ጎንደር
ሚያዝያ 24 ቀን 1970 ዓ.ም.

አላምሬ፣ የእናቴ ልጅ፤

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የሆስፒታላችን ሐኪም በቦርሳው ይዞልህ ይወጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ እጽፍልሃለሁ። አንብበህ አቃጥለው።

ማብራሪያህን እፊቴ ጮክ ብለው አነበቡት። ስለ ቀስቱ የጻፍከው ሸጋ ነበር። መርማሪው ደግሞ ደጋግሞ አየውና ወረቀቱን አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን ተመለከተ። እውነቴን ነው፣ የሚለቋቸው መስሎኝ በሆዴ ለሩፋኤል ተሳልኩ። ቀጥሎ ልጅ የአባቱን ቦታ ይወርሳል የሚለው ላይ ደረሰ። ቀና ብሎ ተክለ ጊዮርጊስ ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቀኝ። ሁለት አልኩት።

አንተ ልታድናቸው ነው የጻፍከው። እኔ አልተቀየምኩህም፤ አንተም ራስህን አትብላ።

የማታውቀውን ልንገርህ። አባባ በተቀበረ በወሩ አያ ምናለ ማኅበርተኞቹን ሰብስቦ ቦታው ያንተ እንደሆነ፣ ተምረህ ስትመለስ እንደምትቀመጥበት ተናገረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም በአባባ መቀመጫ አልተቀመጠም። ለእኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትመለሳለህ ማለታቸው ነበርና። የሳልካት ባዶ ነጥብ አንተው ራስህ ነበርክ። አራቱም ይህን ያውቃሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲደበደቡ አንዳቸውም ስምህን አላወጡም። አባ ገብረ ሚካኤል እጁ ከእንግዲህ መስቀል አይጨብጥም።

ባለፈው ሰኞ አራቱን አምጥተው ከእኔ ጋር አገናኙን። እትዬ ውቢት እግሯ አብጦ በሰው ተደግፋ ነው የገባች። መርማሪው ዛሬ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ ስሙ ካልወጣ አምስታችንም አብረን እንደምንሄድ ነገረን። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም፤ እዚህ ያንን የሚጠይቅ የለም።

«ሙሴ ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አያ ምናለ ደንግጦ፣ «ምነው እታገኘሁ፣ ይኸ ነገር ምንሽ ነው?» አለኝ።

«የአባቴ ቦታ ነው አያ ምናለ። እኔ ነኝ» አልኩና ዓይን ዓይኑን አየሁት። አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም አቀረቀሩ። ሴት መሆኔ መርማሪውን አላስደነቀውም፤ እንዲያውም እስካሁን ለምን እንዳልጠረጠረኝ ራሱን የወቀሰ መሰለኝ።

አራቱ ተለቀዋል። አያ ምናለን ማኪና ላይ አሳፍሬ ወደ ኮሶዬ ሸኝቸዋለሁ። እኔ የቁስለኞቹን ክፍል እስካስረክብ ድረስ እንድቆይ የሆስፒታሉ ኃላፊ ለምነውልኝ ነገ ጠዋት እስር ቤት እገባለሁ። በአዲ አርቃይ በኩል ሊያሸሸኝ የሚችል ሰው እንዳለ የነገረኝ ነበር። ከሄድኩ አራቱን መልሰው ይወስዷቸዋል፤ ይህን መርማሪው ሳይደብቅ ነግሮኛል፤ የምሸሽ እንዳልሆንኩም ያውቃል።

አላምሬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ሰው ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ቁስሉንም አጥቤያለሁ። እንዴት እንደሚሆን የማላውቀው ነገር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምነግርህን ስማኝ። እንዳትመጣ። መርማሪው ሁለት ልጅ ያልኩትን አልረሳም፤ አንተንም ይፈልግሃል። ከዛሬ በኋላ ና የሚል ደብዳቤ ከመጣልህ፣ ጽሑፉ የእኔ እጅ ቢሆን እንኳ፣ ቃሉ የእኔ አይደለም። ስለ እኔ ምንም ቢጽፉልህ፣ ታማለች፣ ትጠራሃለች ቢሉህ እንዳትመጣ። የአባባን አጥንት አስምዬሃለሁ።

የእናትህ ልጅ እታገኘሁ


ጎንደር
ሐምሌ 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ አላምረው ተክለ ጊዮርጊስ፤

አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምግብም ሕክምናም በደንብ አገኛለሁ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅርታ።

በተሳሳተ መንገድ የሙሴነትን ኃላፊነት ይዤ እንደነበር በራሴ ፈቃድ አምኛለሁ። አብዮቱ መሐሪ ስለሆነ ስሕተታቸውን ለሚያርሙ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። የቀረው አንተ በአካል ቀርበህ የሥዕሉን ጉዳይ ማስረዳት ብቻ ነው። ይህን ብታደርግ ሁለታችንም ወደ ሰላማዊ ኑሯችን እንደምንመለስ ተነግሮኛል። የአውሮፕላን ትኬት በኤምባሲው በኩል ይዘጋጅልሃል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሰዎች ይቀበሉሃል።

ሳትዘገይ ና።

ኢትዮጵያ ትቅደም።

እኅትህ እታገኘሁ ተክለ ጊዮርጊስ


ክራኮው
ነሐሴ 1 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእታገኘሁ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጽሑፍሽ ተጣሟል፤ ግን የአንቺ ነው። «ሐ»ን እንደ ልጅነትሽ እግሯን አስረዝመሽ ነው የጻፍሽ። ወረቀቱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። በሕይወት አለሽ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ዛሬ ለዚህ ብቻ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለአንቺ አይደለም።

ጓድ መርማሪ፣ እኅቴ ዋሽታዎታለች። እኔን ልትሸፍን ብላ ነው። አራቱ አዛውንቶች የሚጨምሩልዎ ነገር የለም፤ እርሷም የላትም። ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ነጥቢቱንም ያለ ስም የተውኳት እኔ ነኝ፤ የተክለ ጊዮርጊስ ወንድ ልጅ እኔ ነኝ። ሲፈልጉት የነበረው ሙሴ እኔ ነኝ። ማወቅ የሚሹትን ሁሉ ከእኔ በቀር የሚነግርዎ ሰው ጎንደር ውስጥ የለም።

እመጣለሁ። ትምህርቴ በድንገት አይቋረጥም፣ የመውጫ ወረቀትም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ መቼ እንደምነሳ ዛሬ ልቆርጥልዎ አልችልም። እስከዚያ ድረስ ግን እኅቴ ወር በገባ በአሥራ ሦስት ትጻፍልኝ፤ በራሷ እጅ፣ ቢጣመምም። ምን እንደምትጽፍ እርስዎ ይንገሯት፤ ግድ የለኝም። ጽሑፏ አንድ ወር የቀረ እንደሆነ ግን ሙሴን አያገኙትም።

አላምረው ተክለ ጊዮርጊስ